ከጋፋት እስከ ሊባኖስ፤ የቴዎፍሎስ ዋልድማየርና የቤተ ዘመዱ ታሪክ

ጋፋትን የማያውቅ ሠልጣኝ በመካከላችን አይገኝም ብለን እናምናለን። ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ በእግር የሚደረስበት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ሠፈር ነው። ሴባስቶፖል ስለተባለው ትልቅ መድፍ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ በትምህርት ቤትም ተምረናል፤ እኛም በተራችን እናስተምራለን። ይሁን እንጂ መድፉን የሠሩት ፈረንጆች እነማን ነበሩ? ከወዴት መጡ? ማንን አግብተው፣ ምን ወልደው፣ የት ደረሱ? ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኛዎቻችን ጀርመኖች ነበሩ ከማለት አልፈን ብዙ የምንናገረው አይኖረንም። እነሱም ቢሆኑ ሁሉም ጀርመኖች አልነበሩም። ከመካከላቸው የስዊስ ሰው ነበረ፤ የፖሎኝ ሰው ነበረ፤ ፈረንሳዊም ነበረ።

በዚህ እትማችን ከእነዚያ ሰዎች የአንዱን፣ የቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የሕይወት ታሪክ ከነቤተ ዘመዱ ልናቀርብላችሁ ተነሥተናል። ከሌሎቹ እሱን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ዋልድማየር ወንጌል ሰባኪ ሆኖ መጣ፣ መድፍ ሠሪ ሆነ፣ በመጨረሻ ግን ስሙ የተጠራው በመምህርነት ነው። የእኛው የሙያ ጓደኛ ነውና ታሪኩ ይመለከተናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ዋልድማየር በ1832 በስዊስ አገር፣ አርጋው በሚባለው ክፍል፣ ሜሊን በተባለች መንደር ከካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደ። ካደገ በኋላ ግን የአባቶቹን ሃይማኖት ትቶ ፕሮቴስታንት ሆነና በባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው ቅድስት ክሪሾና በተባለው የሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። ይህ ትምህርት ቤት ከሌሎች የሚስዮን ትምህርት ቤቶች የሚለይበት ነገር ነበረው። የሚያሠለጥነው የተማሩ ቄሶችን ሳይሆን የእጅ ባለሙያዎችን ነበር። አናጢው አናጢ፣ አንጥረኛው አንጥረኛ እንደሆነ ይቀርና በዚያ ላይ ወንጌል ይማራል፤ ከዚያም በሰው አገር በገዛ እጁ ሥራ እያደረ እንዲሰብክ ይላካል። ቡራኬውም ደመወዙም መዶሻው ነው ማለት ነው።

እነዚህን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ የመላክን ሐሳብ ያመጣው ሳሙኤል ጎባት የተባለ ሌላ የስዊስ ሰው ነው። ጎባት በ1830ዎቹ ጎንደር ተቀምጦ ከሊቃውንቱ ጋር ሲከራከር የኖረ፣ አማርኛም የተማረ ሰው ነበር። በኋላ በ1846 በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንቶች ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። እዚያም ተቀምጦ የኢትዮጵያን ነገር አልረሳም። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1855 በደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ጎባት ጊዜው ደረሰ ብሎ ክራፕፍና ፍላድ የተባሉ ሁለት ሰዎች ላከ። ንጉሡም ሰባኪ ሳይሆን ባለሙያ እንደሚፈልጉ አስታወቁ። እንግዲህ ሁለቱም ወገን የየራሱን ሐሳብ ይዞ ተስማማ። ጎባት በአናጢ ስም ሰባኪ አስገባለሁ አለ፤ ንጉሡ በሰባኪ ስም ባለሙያ አገኛለሁ አሉ። የማን ሐሳብ እንደተሳካ ወደ ፊት እናየዋለን።

የመጀመሪያዎቹ በ1856 ገቡ። ዋልድማየር ከጓደኛው ከዛልሙለር ጋር ከአገሩ የተነሣው በ1858 ነው። ያን ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበር። ዛሬ ከዚህ ተቋም ተመርቀው ወደ ማያውቁት ወረዳ የሚመደቡ ሠልጣኞች ዕድሜ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

እዚህ ላይ ነገራችንን ትንሽ ወደ ኋላ መለስ እናድርገው። ስለ ዋልድማየር ቤተሰብ ለመናገር ስለ ዮሐንስ ቤል ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ቤል እንግሊዛዊ ነው። ወደ አገራችን የመጣው በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የበጌምድር ገዥ ከነበሩት፣ መቀመጫቸውንም እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ካደረጉት ከራስ ዓሊ ዘንድ አደረ። ኢትዮጵያዊት አገባ፤ ልጆች ወለደ፤ ልብሱም፣ አበላሉም፣ አነጋገሩም ሁሉ የአገር ሰው ሆነ። ራስ ዓሊ በ1853 በአይሻል ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ድል ሲሆኑ ቤል ወደ ካሣ ገባ። ካሣም ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉ በኋላ ሊቀ መኳስ አድርገው ሾሙት። ሊቀ መኳስ ማለት በጦር ሜዳ እንደ ንጉሡ ለብሶ፣ እንደ ንጉሡ ተሸልሞ የሚሰለፍ ሰው ነው። ጠላት ንጉሡን አገኘሁ ብሎ ጥይቱን ሲያዘንብ የሚቀበለው እሱ ነው። ቤል ይህን ሹመት እንደ ጌጥ አልቆጠረውም። በ1860 ወዳጁ የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውደን በጎንደር አቅራቢያ በዐመፀኞች እጅ ቆስሎ ሞተ። የዐመፀኞቹ መሪ ገረድ የተባለው የንጉሡ ዘመድ ነበር። በዚያው ዓመት ንጉሡ በገረድ ላይ በዘመቱ ጊዜ ቤል ጌታውን ሲከላከል ወደቀ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚህ ሞት እጅግ አዘኑ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ያለ ፍርሃት እውነቱን የሚነግራቸው ፈረንጅ ከዚያ በኋላ አላገኙም። እኛም ይህ አነጋገር ትክክል ይመስለናል፤ ከ1860 በኋላ የተፈጸመውን ለሚመለከት ሁሉ የቤል ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል።

ዋልድማየር በ1859 መጨረሻ ላይ ያገባው የዚህን የቤልን ልጅ ሱዛንን ነው። ሱዛን ያን ጊዜ ገና ለጋ ወጣት ነበረች። አባቷ እንግሊዛዊ ይሁን እንጂ እናቷ ኢትዮጵያዊት፣ ያደገችውም በንጉሥ ሠፈር ነው። ዛልሙለርም ሌላዋን የቤል ልጅ አገባ። በዚህ ዓይነት ሁለቱ ጓደኛሞች እኅትማማቾቹን አግብተው ዋርሳ ለዋርሳ ሆኑ። አባት በሞተ ጊዜም የቤል ቤት አልፈረሰም፤ በሁለቱ አማቾች በኩል ቀጠለ። ንጉሡም የጋፋትን ሰዎች እንደ ልጆቻቸው ይጠሯቸው ስለነበር፣ በተለይ እነዚህን ሁለቱን በሟቹ ወዳጃቸው ምክንያት እንደ ዘመድ ያዩአቸው ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ጋፋት በዚያን ዘመን ምን ትመስል ነበር? ለባለሙያዎቹ ቤት ተሠርቶላቸው ነበር። የብረት ማቅለጫና መቀጥቀጫ ነበረ። በአጠገቡም ወጣት ኢትዮጵያውያን ፊደል የሚቆጥሩበትና የእጅ ሥራ የሚለማመዱበት ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ከቤተ ክህነት ውጭ፣ በአንድ እጅ ንባብ በሌላው እጅ ሙያ የሚያስተምር ቤት በዚህ ደጋ ላይ ሲከፈት ብርቅ ነገር ነበርና እኛ የመምህርነት ሠልጣኞች ቆም ብለን ልናየው ይገባናል። ለንባብ ይጠቅም የነበረውም በአማርኛ የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ይህንን መጽሐፍ ወደ አማርኛ የመለሰው አባ አብርሃም፣ ወይም አቡ ሩሚ፣ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ሲሆን፣ ሥራውን የሠራው በካይሮ ነበር። ሚስዮናውያኑ ግን አንባቢ እንጂ ተከታይ ብዙ አላፈሩም። ጋፋት የመጣ ሰው የሚፈልገው ብረቱን ነበር።

ንጉሡም የሚፈልጉት ብረቱን ነው። መቼም ብዙ ፈረንጆች የዐፄ ቴዎድሮስን የመድፍ ፍቅር እንደ እብደት አድርገው ጽፈውታል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ንጉሡ ገና ካሣ ኃይሉ ሳሉ በ1848 ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ነበር። የእሳቸው ጭፍራ ጀግና ነበር፤ የግብፅ ጦር ደግሞ መድፍ ነበረው። ጀግናው ወደቀ። ያን ቀን የታየውን ያየ ሰው መድፍ ቢመኝ ምን ያስገርማል? ከውጭ እንዳይገዙ በሩ ዝግ ነው፤ ምጽዋ በቱርኮች፣ በኋላም በግብፆች እጅ ነበረች። ስለዚህ አገር ውስጥ መሥራት ነበረባቸው።

እንዲሠሩ የታዘዙት የጋፋት ሰዎች መጀመሪያ አናውቅም አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ አናጢና ቀጥቃጭ እንጂ መድፈኛ አልነበሩም። ንጉሡ ግን እምቢታውን አልተቀበሉም። ሞክሩ ተባሉ። ሞከሩ፤ ከሸፈ። እንደገና ተሞከረ። በመጨረሻ ሲሳካላቸው ንጉሡ ደስታቸው ወሰን አጣ። ፈረስና በቅሎ ከነመጣብሩ፣ ብርም ጨምረው ሸለሟቸው። ከዚያ በኋላ ግን መመለስ የለም። አንድ ጊዜ የቻለ ሰው አልችልም ሊል አይችልም። ትንሹን የሠሩ ትልቁን፣ ትልቁን የሠሩ ከዚያ የሚበልጠውን ታዘዙ። ሴባስቶፖል የዚህ ሁሉ መጨረሻ ነው። ስሙ የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት በ1854 እና በ1855 ተከቦ ከነበረው የሩሲያ ከተማ ነው። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ይሆናል። በማቅለጡ ሥራ ላይ ከፍተኛ ድርሻ የነበረው ሞሪትስ ሆል የተባለ፣ በክራኮቭ የተወለደ፣ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የገባ የፖሎኝ ሰው ነው። እሱንና ልጆቹን ወደ ኋላ ላይ እናነሣቸዋለን። እንጨት የፈለጡ፣ ከሰል ያከሰሉ፣ ወናፍ የነፉ፣ ናስ ተሸክመው ያመጡ እጆች ግን የበጌምድር ሰዎች እጆች ነበሩ። ይህን ሳይናገሩ ሴባስቶፖልን የፈረንጅ ሥራ ማለት ግማሹን ታሪክ መቁረጥ ነው።

የዋልድማየር የልብ ትግል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሰላም ወንጌል ሊሰብክ የመጣ ሰው የሞት መሣሪያ ሠሪ ሆነ። እምቢ ቢል ሚስቱና ልጆቹ በንጉሡ አገር ናቸው፤ እሺ ቢል የመጣበት ነገር ተረሳ። ከዚያም በላይ ያገሩ ሰዎች፣ ሌሎቹ ሚስዮናውያን፣ በእነሱ ምክንያት ይጠሏቸው ጀመር። በ1863 ሽተርን የተባለው ሰባኪ ታሰረ። በ1864 መጀመሪያ የእንግሊዝ ቆንሲል ካሜሮን ታሰረ። ምክንያቱ እንደምናውቀው ንጉሡ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ መቅረቱ ነው። እስረኞቹ በሰንሰለት ተይዘው ሳለ የጋፋቶቹ በቅሎ ይቀመጡ ነበር። እስረኞቹ ከተፈቱ በኋላ ስለ ጋፋት ሰዎች የጻፉት ብዙውን ጊዜ መራራ የሆነው ስለዚህ ነው። በሰንሰለት ላይ ያለ ሰው በቅሎ ላይ ያለውን ቢጠላ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የጋፋቱም ሰው ቢሆን በወርቅ ሰንሰለት የታሰረ ነበር።

በ1866 የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳም መጣ። ከጋፋት ሰዎችም ጋር በጣና ዳር በቆራጣ ተገናኘ። ነገሩ ሊቃና ነው ተብሎ ተስፋ ሲደረግ ተበላሽቶ ራሳምም ታሰረ። ፍላድ ሚስቱንና ልጆቹን በመያዣነት ትቶ ባለሙያ ለማምጣት ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎቹን እስከ ምጽዋ አድርሶ እስረኞቹ ካልተፈቱ አላሳልፍም አለ። በ1867 ደግሞ ንጉሡ የጋፋቶቹን ራሳቸውን መጠርጠር ጀመሩ። ሊሸሹ ነው ተብሎ ከነቤተሰባቸው ከጋፋት ተነሥተው ደብረ ታቦር ላይ በጥበቃ ሥር እንዲቀመጡ ተደረገ። የጋፋት ትምህርት ቤትም፣ ማቅለጫውም በዚሁ አበቃ። የአሥር ዓመት ሥራ በጥቂት ቀን ጠፋ ማለት ይቻላል።

በጥቅምት 1867 ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖል በሠረገላ ላይ ተጫነ። የአገራችንን መሬት የሚያውቅ ሰው ይህን ጉዞ በዓይነ ሕሊናው ይሳለው። ከጋሳይ ወዲያ፣ ጨጨሆን አልፎ፣ የዋድላን ደጋ አቋርጦ፣ የጅዳን ገደል ወርዶ ወጥቶ፣ ደላንታን ተሻግሮ፣ በሽሎን ወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ ወደ መቅደላ! መንገድ የለም፤ እየሠሩ ነው የሚሄዱት። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። ዋልድማየርና ጓደኞቹም መንገድ ጠራጊና ሠረገላ ጠጋኝ ሆነው አብረው ተጓዙ። ሚስቶቻቸውና ሕፃናቱም በዚሁ ሰልፍ ውስጥ ነበሩ። ዛሬ በመኪና በአንድ ቀን የሚያልቀውን መንገድ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀባቸው። በዚያው ጊዜ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በሌላ አቅጣጫ ወደ መቅደላ ይገሰግስ ነበር። አሥራ ሦስት ሺህ ያህል ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ ጓዝ ጫኝ፣ ከህንድ የመጡ አርባ አራት ዝሆኖች ነበሩት።

ሚያዝያ 10 ቀን 1868፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ ላይ ጦርነቱ ሆነ። የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንደግመውም። ለታሪካችን የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ በዚያች ሌሊት ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ራሳም ልከው ዕርቅ ሲያፈላልጉ የላኳቸው ሰዎች ፍላድና ዋልድማየር ነበሩ። ምን ያድርጉ፣ የሚልኩት ሌላ ፈረንጅ የላቸውም። ቤል በሕይወት ቢኖር ኖሮ ይህን መልእክት የሚያደርሰው እሱ ነበር፤ በእሱ ፋንታ አማቹ ሄደ። ዕርቁ ግን አልሆነም። እስረኞቹና ባለሙያዎቹ ከነቤተሰባቸው ተለቀቁ። ሚያዝያ 13 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ።

ከዚህ በኋላ የጋፋት ቤተሰቦች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ወረዱ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ በዚያው መንገድ እንደተወሰደ እናውቃለን፤ በ1879 በባዕድ አገር መሞቱንም እናውቃለን፤ ስለ እሱም ብዙ ተለቅሷል። በዚያው ሰልፍ ውስጥ ግን ከኢትዮጵያውያን እናቶች የተወለዱ፣ አፋቸውን በአማርኛ የፈቱ ብዙ ሕፃናትም እንደነበሩ ማን ያስታውሳል? ሱዛን ቤልም የተወለደችበትን አገር ትታ ባሏን ተከትላ ሄደች። አባቷ በዚህ መሬት ላይ ተቀብሯል፤ ወደ ኋላዋ ስታይ የቀረው እሱ ብቻ አልነበረም።

ዋልድማየር ወደ አገሩ ወደ ስዊስ ሊመለስ ይችል ነበር። አላደረገውም። ቤሩት ወርዶ ሥራ ያዘ። በሊባኖስ ተራሮች በ1860 በድሩዞችና በማሮናውያን መካከል በተነሣው እልቂት ብዙ ሴቶች ባል አልባ፣ ብዙ ልጆች ወላጅ አልባ ሆነው ስለነበር፣ አንዲት እንግሊዛዊት ለእነሱ ትምህርት ቤቶች ከፍታ ነበር። ዋልድማየር በነዚህ ትምህርት ቤቶች ተቀጥሮ በየመንደሩ እየዞረ ይቆጣጠር ጀመር። በ1873 ከቤሩት በላይ፣ በተራራ ላይ ባለችው በብሩማና መንደር የራሱን ትምህርት ቤት መሠረተ። መሬት ገዛ፤ ቤት ሠራ። የጋፋት ሙያው እዚህ ጠቀመው። የወንዶች፣ በኋላም የሴቶች ማሠልጠኛ፣ የሕክምና ቤት እያለ ሥራው ሰፋ። የብሩማና ትምህርት ቤት ዛሬም ያስተምራል፤ ከመካከለኛው ምሥራቅ ታዋቂ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። የዚህ ትምህርት ቤት መሥራች ባለቤት፣ የቤቱ እመቤት፣ ከበጌምድር የሄደችው የሊቀ መኳስ ቤል ልጅ መሆኗን ስንነግራችሁ ደስ ይለናል።

በዚያው ሰሞን አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። በ1874 ዋልድማየር ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ኵዌከር ከሚባሉት፣ ራሳቸውን የወዳጆች ማኅበር ብለው ከሚጠሩት ክርስቲያኖች ጋር ተቀላቀለ። የእነዚህ ሰዎች እምነት ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ እንንገር፤ ጦርነትን ፈጽመው ይቃወማሉ። መሣሪያ አይዙም፤ መሣሪያ አይሠሩም፤ ለንጉሥም ቢሆን አይዋጉም። የሴባስቶፖል ባለሙያ በጉልምስናው ከመረጣቸው ማኅበሮች ሁሉ ይህ መሆኑ በአጋጣሚ ነው የሚል ካለ ይበል፤ እኛ ግን በአጋጣሚ አይመስለንም። የጋፋትን እሳት ትቶ በሄደ በስድስት ዓመቱ ነው።

በ1886 የሕይወት ታሪኩን በእንግሊዝኛ አሳተመ። የአሥር ዓመት የኢትዮጵያ ኑሮውንና የአሥራ ስድስት ዓመት የሶርያ ኑሮውን የሚተርክ መጽሐፍ ነው። ሊባኖስ በዚያን ጊዜ በሶርያ ስም ይጠራ ነበርና ነው። ከዚያም ቀደም ሲል በ1869 የኢትዮጵያውን ብቻ በጀርመንኛ አሳትሞ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስን በሚመለከት የእሱ ምስክርነት ከታሳሪዎቹ ምስክርነት ጋር መነጻጸር አለበት እንላለን። አንደኛው ወገን የእግር ብረቱን ያየ፣ ሌላው ሽልማቱን ያየ ነውና ሁለቱን አብሮ ያላነበበ መምህር ለተማሪው ግማሽ ንጉሥ ነው የሚያስተምረው። በዚህ ላይ የአለቃ ዘነብን ዜና መዋዕል ይጨምርበት። አለቃ ዘነብ ከነዚህ ሚስዮናውያን ጋር ቅርበት የነበራቸው፣ የንጉሡን ታሪክ በግእዝ ሳይሆን በአማርኛ የጻፉ ሰው ናቸው።

ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ጡረታ ያምረዋል። ዋልድማየር ግን በ1896፣ በስልሳ አራት ዓመቱ፣ አዲስ ሥራ ጀመረ። በዚያን ዘመን በሊባኖስ የአእምሮ ሕመምተኞች በገዳም ዋሻ ውስጥ በሰንሰለት ታስረው ይቀመጡ ነበር። ጋኔን ይለቃቸዋል ተብሎ ነው። ይህ ነገር በእኛም አገር በየጠበሉ ቦታ የማይታወቅ አይደለምና ሩቅ አገር ወሬ አድርገን አንመልከተው። ዋልድማየር እነዚህን ሰዎች ከሰንሰለት ለማስፈታት ተነሣ። አውሮፓንና አሜሪካን እየዞረ ገንዘብ ለመነ። በቤሩት አጠገብ አስፉሪዬ በተባለ ቦታ መሬት ተገዛ። በ1900 ሆስፒታሉ ተከፈተ። ክርስቲያኑም፣ እስላሙም፣ ድሩዙም፣ አይሁዱም ያለ ልዩነት ይገባበት ነበር። ሆስፒታሉ እስከ 1982 ድረስ ሲሠራ ቆይቶ በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ተዘጋ። ስሙ ግን በሰው አፍ ቀርቷል። በአዲስ አበባ አማኑኤል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም እንደሚገባው፣ በሊባኖስም አስፉሪዬ ሲባል እንደዚያው ነው። መቅደላ ላይ ሰው በሰንሰለት ታስሮ ያየ፣ ራሱም በጥበቃ ሥር የዋለ ሰው በስተርጅናው ሰንሰለት ፈቺ ሆነ። ዋልድማየር በ1915 ሞተ።

እንግዲህ የዋልድማየር ነገር ይህ ነው። ስለ ጎረቤቱ ስለ ሞሪትስ ሆል እንናገራለን ብለን ነበርና ቃላችንን እንጠብቅ። ሆል ያገባው የኤድዋርድ ሳንደርን ልጅ ነው። ሳንደር ጀርመናዊ ሥዕል ሠሪ ሲሆን በመጀመሪያ በደጃዝማች ውቤ፣ በኋላም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ አገልግሏል፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶ ወልዷል፤ መቅደላ ከወደቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በዚያው በ1868 ሞተ። የልጁ የክርስትና ስም ወለተ ኢየሱስ፣ ፈረንጆቹ የሚጠሯት ካታሪና ነው። ሆልና ወለተ ኢየሱስ በያፋ ከተማ ተቀመጡ። በዚያው በ1868 የተወለደችውን ሴት ልጃቸውን ማግዳሌና አሏት። መቅደላን ፈረንጆች ማግዳላ እንደሚሉት ያስታውሷል። ማግዳሌና አድጋ ያፋ ውስጥ ይኖር የነበረ ኡስቲኖቭ የተባለ ሩሲያዊ መኰንን አገባች። ልጅዋ ዮና ጋዜጠኛ ሆነ። የዮና ልጅ ደግሞ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። አዎን፣ ያው በፊልም የምታውቁት፣ ስፓርታከስ በተባለው ፊልም ኦስካር የተሸለመው፣ የዩኒሴፍ የመልካም ፈቃድ አምባሳደር ሆኖ ለሕፃናት ብዙ የደከመው ነው። በ1921 ተወልዶ በ2004 ሞተ። ቅድመ አያቱ ጋፋት ላይ መድፍ ያቀለጠ፣ ሴቷ ቅድመ አያቱ ደግሞ ወለተ ኢየሱስ የምትባል ኢትዮጵያዊት ነበረች።

ከጋፋት ዘመን ሰዎች ጋር ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በመምህርነት የተመለሰ ኢትዮጵያዊም አለ። ሚካኤል አረጋዊ ይባላል። በ1848 አካባቢ በጎንደር አገር ተወለደ፤ ፍላድ እንደ ልጅ አሳደገው፤ ዋልድማየር በተማረበት በዚያው በቅድስት ክሪሾና ተማረ። እንደ ሌሎቹ ባሕር ማዶ አልቀረም። በ1870ዎቹ ተመልሶ በደንቢያ አካባቢ በቤተ እስራኤል መካከል ትምህርት ቤት ይዞ ማስተማሩን ቀጠለ። ረሀቡም፣ የደርቡሽ ወረራም፣ የፈረንጅ ረዳት መጥፋቱም አላስቆመውም። እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን ድረስ ኖረ።

ከሆል ልጆችም አንዱ፣ ዳዊት ሆል፣ በያፋ ተወልዶ አድጎ ካበቃ በኋላ የእናቱን አገር ፍለጋ መጣ። አዲስ አበባ ገብቶ ተቀመጠ፤ በመንግሥትም ዘንድ በአማካሪነት አገለገለ።